«ምክንያቱ አልታወቀም» ተብላ ለተሸኘች እናት

ጥያቄው የደረሰኝ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከምትኖር እናት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ዶክተር፣ ልጄ ሦስት ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። ሲወለድ ወዲያው አላለቀሰም፣ ኦክስጅን ላይ ቆይቷል። ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለት ከአእምሮ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር፣ ነው ተብያለሁ። ራሱን ችሎ አይቀመጥም፣ የላመ ምግብ ነው የሚበላው፣ ክብደቱ 11 ኪሎ ነው፣ ደረቱን ቶሎ ቶሎ ያመዋል። ለሚጥለው በሽታ ቫልፕሮኤት ሽሮፕና ፌኖባርቢታል ከጀመረ ዓመት አልፎታል። በቅርቡ ሲመረመር የጉበቱ ቁጥር ከፍ ብሏል አሉኝ፤ ኤስጂኦቲ 142፣ ኤስጂፒቲ 51። ያን ጊዜ ደም የተወሰደው ሌሊቱን ረጅም ሰዓት ጥሎት ባደረ ማግስት ነው፣ ያውም ስንት ጊዜ ተወግቶ። ሌላ ላብራቶሪ ወሰድኩት፣ ኤስጂኦቲው 68 ሆነ። ሦስተኛው ቦታ ደግሞ አልካላይን ፎስፋቴዝ 610፣ ፖታሲየም 6.1፣ ፕላትሌት 96 ሺህ አሉኝ። በሳምንቱ ፕላትሌቱ ሲደገም 210 ሺህ ሆነ። አልትራሳውንዱ ንጹህ ነው፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲም የለበትም። ሐኪሙ ‹ምክንያቱ አልታወቀም፣ ከወር በኋላ እንደግመዋለን› ብለው ሸኙኝ። አማቴ መድኃኒቱን ተይውና ጸበል እንውሰደው ይላሉ። መድኃኒቱ ጉበቱን እየጨረሰው ይሆን? ላቁመው? የቱን ላብራቶሪ ልመን? ወይስ የደበቁኝ ነገር አለ? እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ።»

እህቴ፣ ብዙ ነገር ጠይቀሻል። ዛሬ ማታ መልስ ከሚፈልገው ልጀምር። መድኃኒቱን አታቁሚ። ቫልፕሮኤትም ሆነ ፌኖባርቢታል በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፣ እሱ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ወይም አእምሮውን የበለጠ ሊጎዳ ይችላል። 142 የሆነ ኤስጂኦቲ በአንድ ሌሊት እንዲህ አያደርግም። መቀየር ካለበትም ሐኪሙ ሌላ እየተካ፣ ቀስ እያለ ነው የሚያወርደው።

ቫልፕሮኤት ጉበት አይነካም ብዬ ላጽናናሽ ግን አልችልም። ይነካል። ብዙውን ጊዜ ልጁ ምንም ሳይሆን ቁጥሩን ትንሽ ከፍ አድርጎ ይተወዋል፣ ከዚያ በራሱ ወይም መጠኑ ሲስተካከል ይወርዳል። ከባድ የጉበት ጉዳት የሚያመጣው አልፎ አልፎ ነው። ይበልጥ የሚያሰጋው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ፣ ከአንድ በላይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለሚወስዱና የማይቶኮንድሪያ በሽታ ለሚባለው የዘር ችግር የተጋለጡ ልጆች ነው፤ በአብዛኛውም መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ ይከሰታል። ያንቺ ልጅ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ስድስት ወሩንም አልፏል፣ ግን ሁለት መድኃኒት ይወስዳል። ስለዚህ ዓይንሽን ከወረቀቱ አንስተሽ ልጁ ላይ አድርጊ። ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ምግብ እምቢ ካለ፣ ከወትሮው በተለየ ከፈዘዘና እንቅልፍ ካበዛ፣ ፊቱ ወይም እግሩ ካበጠ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሳይመታ ከበለዘ ወይም ድዱ ከደማ፣ ጋብ ብሎ የነበረው መንቀጥቀጥ ድንገት ከበዛ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው። እነዚህ ምልክቶች የላብራቶሪው ቁጥር ብዙም ሳይጨምር ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈም እንዲሁ። ላንቺ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አይርቅሽም፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ደግሞ 907 ነው። ገና በር ላይ «ቫልፕሮኤት ይወስዳል» በያቸው። ይህን የሰማ ሐኪም የደም ስኳሩን፣ የደም መርጋቱንና ከተቻለ ጉበት ሲደክም ደም ውስጥ የሚከማቸውን አሞኒያ ቶሎ ያያል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ከላክሽልኝ ውስጥ ወር መጠበቅ የሌለበት አንድ አለ፣ ፖታሲየሙ። 6.1 እውነት ከሆነ የልብ ምትን የሚያዛባ መጠን ነው። እውነት የመሆን ዕድሉ ግን ትንሽ ይመስለኛል። ፖታሲየም በብዛት የሚገኘው ሕዋስ ውስጥ ነው። ደም በግድ ሲወሰድ፣ ጣት ሲጨመቅ፣ ወይም ናሙናው ሳይለይ ብዙ ሲቆይ ቀይ የደም ሕዋሶች ይፈነዱና ፖታሲየማቸው ወደ ፈሳሹ ይወጣል፣ ማሽኑም ያንን ያነባል። ወረቀቱ ላይ «ሄሞላይዝድ» የሚል ማስታወሻ ካለ ይኼው ነው። በሳምንቱ ፕላትሌቱ ሲደገም ፖታሲየሙም ተደግሞ እንደሆነ ወረቀቱን ገልብጠሽ እዪ። ካልተደገመ ዛሬውኑ ይደገም፣ የልብ ምት ምርመራው ኢሲጂም አብሮ ይሠራ። ደህና ከሆነ እሱን ከጭንቀትሽ አውጪው።

ኤስጂኦቲው ላይ ጥያቄሽ ውስጥ ራስሽ መልሱን ጽፈሽዋል። ሌሊቱን ጥሎት አድሯል፣ ደሙም ተቸግሮ ነው የተገኘው። ኤስጂኦቲ ጉበት ውስጥ ብቻ አይገኝም፤ ጡንቻ ውስጥም ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥም አለ። ረጅም መንቀጥቀጥ ጡንቻን ያደክማል፣ ይጎዳልም፣ ከጡንቻው የሚወጣው ደግሞ ለቀናት ደም ውስጥ ይቆያል። ቂጥ ላይ የሚሰጥ መርፌም እንዲሁ ያደርጋል። ኤስጂፒቲ በብዛት የጉበት ነው፣ የልጅሽ ኤስጂፒቲ ደግሞ 51 ብቻ ነው። ኤስጂኦቲ 142 ሆኖ ኤስጂፒቲ 51 ሲሆን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጡንቻውንና የደም አወሳሰዱን ነው። ሁለተኛው ላብራቶሪ 68 ያገኘው ተሳስቶ ላይሆን ይችላል፣ ሌላ ቀን ስለሆነ ነው። ስለዚህ «የቱን ልመን?» ላልሽው፣ ሁለቱንም፣ ከነቀናቸው።

ይህን መለየት ከባድ አይደለም። ሲኬ የሚባል የጡንቻ ኢንዛይም ምርመራ አለ፤ ከፍ ካለ የኤስጂኦቲው ምንጭ ጡንቻ የመሆኑ ነገር ይጠነክራል። ሌላው ደግሞ ጉበቱ ሥራውን ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ ከሕዋስ ምን ያህል እንደፈሰሰ እንጂ ጉበቱ ምን ያህል እንደሚሠራ አይናገሩም። ሥራውን የሚናገሩት አልቡሚን፣ ቢሊሩቢንና ፒቲ የሚባለው የደም መርጋት ምርመራ ናቸው። በሚቀጥለው ቀጠሮ «እነዚህ ታይተዋል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ሦስቱ ደህና ከሆኑና ልጁ እንደ ወትሮው ከሆነ ወር መጠበቁ ቸልተኝነት አይደለም። ቁጥሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚታወቀው ጊዜ ሲሰጠው ነው።

ፕላትሌቱ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሕዋስ፣ ቀላል ነው። 96 ሺህ የነበረ በሳምንት 210 ሺህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ናሙናው ውስጥ ፕላትሌቶቹ ተጣብቀው ማሽኑ ሳይቆጥራቸው ቀርቶ ነው። ደግሞ ዝቅ ካለ በማይክሮስኮፕ ይታይ በያቸው። ቫልፕሮኤትም በእውነት ፕላትሌት ሊያወርድ ይችላል፣ በተለይ መጠኑ ከፍ ሲል፤ ስለዚህ ጥርስ ከመነቀሉ ወይም ማንኛውም ቀዶ ሕክምና ከመሠራቱ በፊት ይቆጠር።

አሁን ማንም ብዙ ያላወራሽ ወደ መሰለኝ ቁጥር ልምጣ፣ ወደ 610ሩ። አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ከጉበትም ከአጥንትም ይመጣል። የሚያድግ ልጅ አጥንቱ ሥራ ላይ ስለሆነ ከአዋቂ በእጥፍም ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ላብራቶሪ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሚያትመው የአዋቂውን መጠን ነው። ስለዚህ ግማሹን ድንጋጤ ቀንሺ። ግማሹን ግን አልቀንስልሽም፣ 610 ለልጅም ቢሆን ከፍ ይላል። ልጅሽ አይቆምም፣ አይሄድም፣ ውሎው ቤት ውስጥ ነው፣ ፌኖባርቢታል ይወስዳል። ፌኖባርቢታል ሰውነት ቫይታሚን ዲን ቶሎ እንዲያፈርስ ያደርጋል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ሳየው የምጠረጥረው ሪኬትስ ነው፣ ማለትም የአጥንት መለስለስ።

ሪኬትስ በእንዲህ ዓይነት ልጅ ላይ ይደበቃል። ሰው የሚያውቀው በተጣመመ እግር ነው፣ እግር የሚጣመመው ግን ክብደት ሲሸከም ነው፤ የማይቆም ልጅ እግሩ ቀጥ እንዳለ ሪኬትስ ሊኖርበት ይችላል። የእጁን አንጓ እዪው፣ ሰፋ ብሎ ያበጠ ይመስላል? ደረቱ ላይ የጎድን አጥንቱ ጫፍ እንደ መቁጠሪያ ይቆጠራል? ልብስ ስትቀይሪለት ወይም እግሩን ስታነሺው ያለቅሳል? የእጅ አንጓ ራጅ፣ ካልሲየምና ፎስፈረስ ከታዩ ብዙው ነገር ይለያል። እነዚህ ምርመራዎች ሩቅ አገር ናሙና አያስልኩም።

ይህን ያህል የምገፋበት ምክንያት ደረቱን ቶሎ ቶሎ ያመዋል ስላልሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ዘ ላንሴት ላይ የወጣ፣ እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራ ጥናት አለ። የሳንባ ምች የያዛቸው 500 ሕጻናት ካልያዛቸው 500 ጋር ተነጻጸሩ። ሪኬትስ የተገኘው ምች ከያዛቸው በ210ሩ፣ ካልያዛቸው ግን በ20ዎቹ ብቻ ነበር። የለሰለሰ የጎድን አጥንት ደረትን በደንብ አያነሳም፣ አክታም አይወጣም። ሪኬትስ ከሆነ ደግሞ መድኃኒት አለው፣ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም፤ መጠኑን ሐኪሙ ይወስናል፣ ከፋርማሲ በግምት ገዝተሽ አትስጪው። ፀሐዩን ግን ከነገ መጀመር ትችያለሽ። በመስኮት መስታወት የሚገባው ፀሐይ ለዚህ አይጠቅምም፣ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። እጁና እግሩ ተገልጦ፣ ጭንቅላቱ ተሸፍኖ፣ ውጭ ትንሽ ይቀመጥ። (ደረቱን የሚያመው ምግብ ወደ ሳንባው እየገባም ሊሆን ይችላል። አስተኝተሽ አታብይው፣ ከወገቡ ቀና ይበል፣ ሲበላ የሚያስለው ወይም ድምፁ ውኃ ያለበት የሚመስል ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሪ።)

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ወረቀቱ ራሱ። «ኖርማል» የሚባለው መጠን የሚወጣው ጤነኛ ሰዎች ተለክተው መሃል ያሉት 95 በመቶ ተወስደው ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ምርመራ ከ20 ጤነኛ አንዱ ከመስመሩ ይወጣል። አንድ ጤነኛ ልጅ ላይ እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎች ብትሠሪ ቢያንስ አንዱ ከመስመር የመውጣቱ ዕድል 64 በመቶ ገደማ ነው። በየላብራቶሪው «ሁሉንም ሥሩልኝ» ማለት ጥያቄ ይጨምርልሻል እንጂ መልስ አያመጣልሽም። ገንዘቡም ያንቺው ነው። ደሙም የልጁ ነው፣ 11 ኪሎ የሆነ ልጅ በሰውነቱ ያለው ደም አንድ ሊትር አይሞላም።

ስለዚህ ሌላ ላብራቶሪ ከመፈለግሽ በፊት አንድ ደብተር ግዢ። በእያንዳንዱ የደም ምርመራ አጠገብ የዚያን ቀን ታሪክ ጻፊ። ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ ጣለው፣ ለምን ያህል ደቂቃ፣ ትኩሳት ነበረው ወይ፣ መርፌ ተወግቶ ነበር ወይ፣ ደሙ በቀላሉ ነው የተገኘው ወይስ በብዙ ውጊያ፣ መድኃኒቱን ስንት ሰዓት ወሰደ፣ ሌላስ ምን ወሰደ። «ሌላ» ስል ሁሉንም ነው፣ የፓራሲታሞል ሽሮፑንም የባህል መድኃኒቱንም። የባህል መድኃኒት ሰጥተሽው ከሆነ ሳታፍሪ ንገሪያቸው፣ ጉበት የሚጎዱ ሥርና ቅጠሎች አሉ፣ እኛ ደግሞ ካልነገራችሁን አናውቅም። የፓራሲታሞሉ ሽሮፕ በተለያየ ጥንካሬ እንደሚሸጥም አትርሺ፣ ጠርሙሱ በተቀየረ ቁጥር መጠኑን እንደገና አስነግሪ። ቫልፕሮኤቱን በማንኪያ ሳይሆን በመለኪያ ሲሪንጅ ስጪው። ፋርማሲ ጠፍቶ የሌላ ፋብሪካ ሲሰጡሽም 5 ሚሊ ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ጠይቀሽ ጻፊው። ሁለቱ መድኃኒቶች እርስ በርስም ይነካካሉ፤ ቫልፕሮኤት የፌኖባርቢታልን መጠን ደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል፣ ልጁ ቀን ቀን የሚተኛብሽ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ምርመራው ሲደገም ሁልጊዜ አንድ ላብራቶሪ ይሁን፣ ከተቻለም ሳይጥለው አንድ ሳምንት ካለፈ በኋላ። ቱሉ ዲምቱ ጠዋት ብርድ ነው፣ በታክሲ ተጉዛችሁ ስትደርሱ እጁ እንደ በረዶ ይሆናል፣ ደም ሥሩም ይጠፋል። ጓንትና ካልሲ አድርጊለት፣ ወረፋ ስትጠብቂ እጁን በእጅሽ አሙቂው፣ ከቤት ሳትወጡ ፈሳሽ ይጠጣ። «ሕጻን የለመደ ባለሙያ ይውሰድለት» ማለትም መብትሽ ነው።

ደብቀውኛል ወይ ላልሽው፣ አይመስለኝም። «ምክንያቱ አልታወቀም» ሲሉሽ ብዙ ነገር ከዝርዝሩ ወጥቷል፣ ሄፓታይተሱ ወጥቷል፣ አልትራሳውንዱ ላይ የሚታየው ችግር ወጥቷል። ጥፋቱ ይህን አለማስረዳታቸው ነው። ወረፋው ረጅም ነው፣ ሐኪሙም ይቸኩላል፣ ግን ሁለት ጥያቄ ለመጠየቅ ጊዜ አይጠፋም። «እስካሁን የትኛው በሽታ እንዳልሆነ አረጋግጣችኋል?» እና «ቁጥሩ ስንት ቢደርስ ነው ከቀጠሮ በፊት የምመጣው?» በያቸው። መልሱን እዚያው ፊታቸው ጻፊው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልጠይቅሽ። ልጅሽ ቀድሞ የሚያደርገውን ነገር ትቷል? ይስቅ ነበር፣ ዓይንሽን ይከተል ነበር፣ አሁን ግን አያደርግም የምትይው ነገር አለ? ከወሊድ ጉዳት የመጣ ሴሬብራል ፓልሲ ወደ ኋላ እየሄደ አይብስም። ከመድኃኒት መፍዘዝ ወይም ከመንቀጥቀጡ መብዛት ውጪ ልጁ የነበረውን እያጣ ከሆነ ሌላ በሽታ መፈለግ አለበት፣ የማይቶኮንድሪያውን ጨምሮ፤ ያን ጊዜ በቫልፕሮኤት መቀጠሉ ራሱ እንደገና ይታሰብበታል። ለዚህ በሪፈር ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ቅዱስ ጳውሎስ የሕጻናት ነርቭ ሐኪም ዘንድ መሄድ ተገቢ ነው። እንደዚያ ካልሆነ ግን ውድ የዘር ምርመራ ፍለጋ ዕቃሽን አትሽጪ።

ከአማትሽ ጋር አትጣዪ። ልጁን ስለሚወዱት ነው። ጸበሉ ሊቀርለት አይገባም፣ መድኃኒቱም እንዲሁ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል፣ ይህን ንገሪያቸው፣ ከእኔ ይልቅ የእሳቸው ቃል ይከብዳቸዋል። የምለምነው ለሁለት ነገር ብቻ ነው። ልጁ ለመዋጥ ስለሚቸገር ውኃ በብዛት አይጋት፣ ወደ ሳንባው ይገባል። በቀዝቃዛ ጠዋት ከተጠመቀም ወዲያው ይድረቅና ይልበስ።

እንቅልፉ ላይ ደግሞ፣ መድኃኒቱን መስጠት የምታውቂው አንቺ ብቻ ከሆንሽ አትተኚም። ባለቤትሽም አማትሽም ይማሩ። ሲሪንጁን እስከየት እንደሚስቡ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊበት። ስሙን፣ መጠኑንና ሰዓቱን በትልቁ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ፣ ከሥሩ 907ን፣ ከዚያ ሲጥለው ወደ ጎን አስተኝቶ ሰዓት መያዝ እንዳለባቸውና አፉ ውስጥ ምንም ነገር እንዳይከቱ። ከዚያ በሳምንት ሁለት ሌሊት ባለቤትሽ ይረከብሽና አንቺ ሌላ ክፍል ተኚ።